ለወፍ መዋሸት

4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ከሳነቴ አምባ ቁልቁል ወርዳችሁ፣ ባሌ ሐረና ጫካ ውስጥ ዝናብ ያዛችሁ እንበል። ልብሳችሁ ርሷል፤ ርቀት ማያ መነጽራችሁን ጉም ሸፍኖታል፤ ወፎቹም ዝም ብለዋል። ስልካችሁ ውስጥ ግን የተቀዳ የወፍ ድምፅ አለ። ብትከፍቱት ወፏ ልትመጣ ትችላለች። ትከፍታላችሁ?

እኔ ከፍቻለሁ። በአገራችን ብቻ የምትገኝ፣ ወንዱና ሴቷ እየተቀባበሉ የሚያዜሙ ግራጫ ወፍ ናት። መጣች። ላባዋ በዝናቡ ተጣብቆ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየዘለለች ድምፁን ትፈልግ ጀመር። ደስ ስላለኝ ደግሜ ከፈትሁት። መንገድ የሚመራን የአካባቢው ልጅ፣ «ጋሼ፣ ጎጆዋን ትታ መጥታ ይሆናል እኮ» አለኝ።

ለእኛ ዜማ የሆነው ለእሷ ግዛቷን ሊቀማ የመጣ ባላንጣ ነው። ልትከላከል ነው የወጣችው። እንቁላል ታቅፋ ከነበረ ደግሞ በዚያ ዝናብ ይቀዘቅዛል።

«ውሸት ለሰው ሲነገር ነው» ትሉኝ ይሆናል። እኔም እንዲያ ብዬ ራሴን ላጽናና ሞክሬ ነበር። ግን ድምፁን አምና የመጣችን ፍጥረት ሳታልል፣ ከስሳ መናገር ስለማትችል ነገሩ ይቀላል? ዘዳግም 22 እናት ወፍን ከነጫጩቶቿ መውሰድን እንደሚከለክል ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ አስተምሬአለሁ! (የወፍ ጎጆ በሕግ መጽሐፍ ውስጥ ምን ይሠራል ብሎ የጠየቀኝ አንድ ልጅ ብቻ ነው።) ተመራማሪዎች ለቆጠራ ብለው ድምፅ የሚያሰሙበት ጊዜ አለ፤ ያንን ከእኔ ሥራ ጋር አላስተካክለውም። እኔ የፈለግሁት ፎቶ ነበር።

ስልኬን ኪሴ ከትቼ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ቆምን። አንድ ሰዓት ያህል ዘነበብን። ሌላ ወፍ አላየንም።