የመበለቲቱ ዘይትና ባለ ሦስት ቁልፉ ሣጥን



በመጽሐፈ ነገሥት ካልእ ምዕራፍ 4 እንደምናነበው፥ ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት አበዳሪው ሁለት ልጆቿን ባሪያ አድርጎ ሊወስድባት በመጣ ጊዜ ወደ ነቢዩ ኤልሳዕ ጮኸች። ነቢዩም ገንዘብ አልሰጣትም፤ አስቀድሞ በቤቷ ያለውን ጠየቃት፤ ቀጥሎም ከጎረቤቶቿ ባዶ ማድጋ ትዋስ ዘንድ አዘዛት። ዘይቱም በበረከተ ጊዜ ሸጣ ዕዳዋን ከፈለች፤ በቀረውም ከልጆቿ ጋር ኖረች። ተአምሩ የእግዚአብሔር ነው፤ ነገር ግን ዘይቱ ከገዛ ቤቷ፥ ማድጋውም ከጎረቤቶቿ መገኘቱን ልብ ልንል ይገባናል።

ይህን ታሪክ እንድናነሣ ያደረገን በምዕራብ ሐረርጌ የተሠራው ሥራ ነው። ዛሬ ጭሮ ከምትባለው ከአሰበ ተፈሪ ጀምሮ ሒርና፥ በዴሳና ገለምሶ በቡናና በጫት ንግድ ቢታወቁም፥ በዙሪያቸው ባለው ገጠር መሬቱ ጠባብ፥ ዝናሙም የማይታመን ስለ ሆነ፥ ብዙ ቤተ ሰብ ዓመቱን በራሱ እህል መዝለቅ ይሳነዋል። በ1997 ዓ.ም. መንግሥት የጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት መርሐ ግብር ለእንደዚህ ያሉት ሥራ እያሠራ እህልና ገንዘብ ሰጥቷል። ረኀብን ማስታገሥ ታላቅ ምግባር ነው፤ ዳሩ ግን ሰው ከመቀበል በቀር ሌላ መንገድ ካላገኘ፥ ርዳታው ዕለቱን ያሳልፍለታል እንጂ ኑሮውን አያቆምለትም።

ስለዚህ ኬር የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ከሌሎች ጋር ሆኖ ከ2001 እስከ 2004 ዓ.ም. በዶባ ወረዳና በሌሎችም ስፍራዎች የመንደር የቁጠባና ብድር ማኅበራትን አቋቋመ። ሥርዓቱ በ1983 ዓ.ም. በኒጀር ሀገር በሴቶች መካከል የተጀመረ ነው። ከ15 እስከ 25 የሚሆኑ ጎረቤታሞች እንደ አቅማቸው ይቆጥባሉ፤ ገንዘቡ ሦስት ቁልፍ ባለው ሣጥን ይቀመጣል፤ ቁልፎቹም በሦስት ሰዎች እጅ ስለሚሆኑ፥ ሦስቱ ካልተገናኙ አይከፈትም። ከዚያ የተበደረ ሰው ፍየል ገዝቶ ያደልባል፥ ወይም ይነግዳል። በብድሩ ላይ የሚጨምረውም ጥቂት ገንዘብ፥ እንደ አራጣ ወደ ባዕድ ኪስ ሳይገባ፥ በዓመቱ መጨረሻ ለአባላቱ ይካፈላል። ድርጅቱ የሚሰጠው ትምህርቱን ነው፤ የሣጥኑ ገንዘብ ግን የራሳቸው ነው።

በእርግጥ ፍየል በድርቅ ይሞታል፤ ዕዳ ግን አይሞትም። ስለሆነም በጥቂቱ መጀመርና ለክፉ ቀን የሚሆን የመረዳጃ ገንዘብ ለብቻው ማኖር ጥበብ ነው፤ ዕድርና ዕቁብ ላስተማሩን ለእኛም ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

እንግዲህ እኛስ በየሰንበቴውና በየማኅበሩ ስንመጸውት፥ ድኻውን በቤቱ ያለውን ጠይቀነው እናውቃለንን? የጎረቤቱን ክርስቲያንነት ወይም እስላምነት ሳንመረምር ማድጋችንን አውሰነዋልን? ረጂ ይመጣል፥ ረጂም ይሄዳል፤ ቁልፉ በመንደሩ እጅ ከቀረ ግን ሥራው አይቋረጥም።