ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን መጋቢት 29 ቀን የጌታችንን መፀነስ፣ ታኅሣሥ 29 ቀን ደግሞ ልደቱን ታከብራለች። በሁለቱ በዓላት መካከል ያለው ጊዜ ሲቈጠር ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ይሆናል፤ አምስቱ ቀናት የጳጉሜን ናቸው። በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን ስድስት ስትሆን ግን፣ በሚከተለው በዘመነ ዮሐንስ ልደትን የምናከብረው ታኅሣሥ 28 ቀን ነው። አባቶቻችን በዓሉን በአንድ ቀን ያስቀደሙት የፅንሱ ዕለታት ቍጥር እንዳይዛነፍ ብለው ነው። እመቤታችን አምላክን በማሕፀኗ የተሸከመችበት ዘመን በቀን ተቈጥሮ የተጠበቀ ስለሆነ፣ ታላቁ በዓል ራሱ ለዚያ ቍጥር ቦታውን ይለቃል።

እንግዲህ የእናትን የእርግዝና ቀን አንድ በአንድ የምትቈጥር ቤተ ክርስቲያን ልጆች ከሆንን፣ በመካከላችን ያለችው ነፍሰ ጡር እኅታችን ቀኖቿን እንዴት እንደምታሳልፍ ልናውቅ ይገባናል።

በአገራችን ልማድ የበኩር ልጇን የምትጠብቅ ሴት ወራቷ ሲገባ ወደ እናቷ ቤት ትሄዳለች። እናቷ ገንፎውን ታሰናዳለች፤ አክስቷ ወገቧን ታሽላታለች፤ የጎረቤት ሴቶች ቡና አፍልተው ያጫውቷታል፤ ስለ ምጥና ስለ አራስነት የምትሰማውም ከእነርሱ አንደበት ነው። በስደት የፀነሰችው እኅታችን ግን ከሌሊት ሥራ ተመልሳ በሯን ዘግታ ብቻዋን ታስመልሳለች። እናቷ በስልክ ስትጠይቃት እንዳትጨነቅባት «ደኅና ነኝ» ትላለች፤ ስልኩን ስትዘጋ ታለቅሳለች። እሑድ በቤተ ክርስቲያን ስናገኛት እኛ «ምነው ከሳሽ?» ብለን እናልፋለን።

ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስ በመጀመሪያው ምዕራፍ የሁለት እናቶችን ነገር ጐን ለጐን ጽፎልናል። አንዷ በዕድሜ የገፋችው ቅድስት ኤልሳቤጥ ናት፤ ሁለተኛዪቱ እመቤታችን ናት። ለሁለቱም የመጀመሪያ ፅንሳቸው ነበር። እመቤታችን የመልአኩን ብሥራት ከተቀበለች በኋላ ፈጥና ወደ ይሁዳ ተራራማ አገር ወጣች፤ በዘመዷም ቤት ሦስት ወር ያህል ተቀመጠች። ሊቃውንት ከዚህ ጉዞ ብዙ ምሥጢር ተርጕመዋል፤ እኛ ዛሬ አንዱን ብቻ እናንሣ። የእመቤታችን ፅንስ እንደ ሌሎች ሴቶች ፅንስ አይደለም፤ ነገር ግን ሰማይና ምድር የማይወስኑትን የተሸከመች እናት የዘመድ ደጅ ረግጣለች፤ ከዘመዷ ጋርም አንድ ማዕድ ቀርባለች። ይህ ለእርሷ የተገባ ከሆነ፣ ለደካማይቱ እኅታችን እንዴት አብልጦ አያስፈልጋት!

የመጀመሪያዎቹ ወራት ከውጭ ስለማይታዩ ብዙ ሰው እንደ ቀላል ይቈጥራቸዋል። ሐኪሞች እርግዝናን ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ጀምረው 40 ሳምንት አድርገው ያሰላሉ። ማቅለሽለሹ ብዙ ጊዜ በስድስተኛው ሳምንት አካባቢ ይጀምራል፤ ለአብዛኞቹ እናቶችም ከ12ኛው እስከ 16ኛው ሳምንት ድረስ ይቀላል። በዚያ ጊዜ ትወደው የነበረው የቁሌት ሽታ፣ የሚቈላው ቡና፣ አንዳንዴም የቤተ መቅደሱ ዕጣን ሳይቀር ሆዷን ይገለብጠዋል። እንዲህ የደረሰባት እኅት «ኃጢአቴ ቢበዛ ዕጣኑ ጠላኝ» ብላ አትደንግጥ። ይህ የሥጋ ለውጥ ነው፤ ወደ በሩ ቀረብ ብላ ንጹሕ አየር እያገኘች ብታስቀድስ ጸሎቷ አይቀንስም። ሆዷ ባዶ እንዳይሆን ጥቂት ጥቂት ቆሎ ወይም ደረቅ ዳቦ መቅመስ ይረዳታል። ውኃ እንኳ ሆዷ አልቀበል ካለ ግን ሳትዘገይ ወደ ሐኪም ትሂድ።

ልቧም እንደ ሰውነቷ ይለዋወጣል። ጠዋት ደስ ብሏት የሕፃን ልብስ ስታይ የዋለች፣ ማታ ያለ ምክንያት ታለቅሳለች። «እናት ለመሆን እበቃለሁን?» ትላለች። ያደገችበት ሰፈር፣ የእናቷ ወጥ፣ የዘነበበት መሬት ሽታ በአምሮት ይመጣባታል። ደስታና ፍርሃት በአንድ ልብ ማደራቸው የእምነት ጕድለት አይደለም። ሐዘኑ ግን ለሳምንታት ካልለቀቃት፣ እንቅልፍና ምግብ ከነሣት፣ ለንስሐ አባቷም ለሐኪሟም ትንገር፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ቅድስት ኤልሳቤጥ ከፀነሰች በኋላ አምስት ወር ራሷን እንደ ሰወረች ተጽፏል። የእኛም እናቶች ሆድ ገፍቶ እስኪታይ ድረስ ነገሩን በዝምታ መያዝን ያውቁበታል። ዝምታው መልካም ነው፤ ፍጹም ብቸኝነት ግን ከባድ ነው። ከታወቁ እርግዝናዎች ከ100 ከ10 እስከ 20 የሚሆኑት በመጀመሪያዎቹ ወራት ይጨናገፋሉ። ይህም የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ ፅንሱ ገና ሲጀመር በሚፈጠር ጕድለት ነው እንጂ እናቲቱ ዕቃ ስላነሣች ወይም ሰው ዓይኑን ስለጣለባት አይደለም። ማንም ያላወቀላት እናት ስታዝንም ማንም አያውቅላትም። ስለዚህ ለባሏ፣ ለንስሐ አባቷና ቢያንስ ለአንዲት የታመነች እናት ምሥጢሯን ታካፍል።

ከዚያም ፅንሱ የሚንቀሳቀስበት ወቅት ይመጣል። የመጀመሪያ ልጇን ለፀነሰች ሴት ይህ ብዙ ጊዜ ከ18ኛው እስከ 20ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ይሰማታል። አስቀድማ የሆድ መንጫጫት ይመስላታል፤ ቀጥሎ ትንሽ ዓሣ ውኃ ውስጥ እንደ ተገለበጠ ያህል ይሆንባታል፤ በሦስተኛው ቀን ግን አትጠራጠርም። እስከዚያች ቀን ሕመም ብቻ የነበረው ነገር ከእንግዲህ ሰው ይሆንላታል። በቅድስት ኤልሳቤጥ ማሕፀን የነበረው ቅዱስ ዮሐንስ የእመቤታችንን ሰላምታ ሲሰማ በደስታ መዝለሉን ስናነብ፣ ይህን ስሜት የምታውቅ እናት ከማናችንም ይልቅ ቃሉን ትረዳዋለች።

በመጨረሻዎቹ ወራት ወገቧ ይታመማል፤ እግሯ ያብጣል፤ ቃር ያስቸግራታል፤ ሌሊት ደጋግማ ትነሣለች። እንዲህ ያለችውን እኅት በቅዳሴ ጊዜ ተቀምጣ ብናያት በዓይናችን አንገሥጻት፤ ወንበሩን እኛ እናምጣላት። ስለ ጾምም ቤተ ክርስቲያን ነፍሰ ጡርንና የምታጠባ እናትን አታስገድድም። ከንስሐ አባቷ ጋር ተመካክራ የታዘዘላትን ብትመገብ መታዘዝ ነው እንጂ መድፈር አይደለም። ጥሬ ሥጋና ለብ ለብ ያለ ክትፎ ግን ለፅንሱ የሚያሰጋ በሽታ ሊያስተላልፉ ስለሚችሉ እስክትወልድ ትተዋቸው። ኮሶና የመሳሰለውን መድኃኒት ከቶ አትንካ። ሐኪም የሚያዝላትን የፎሊክ አሲድና የብረት ክኒን ሳታቋርጥ ትውሰድ። ደም ከታያት፣ ውኃ ከፈሰሳት፣ ጽኑ ራስ ምታት ከዓይን ብዥታ ጋር ከመጣባት ወይም የሕፃኑ እንቅስቃሴ ከቀነሰባት፣ ጠበል ልጠጣና ነገ ልየው ሳትል በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት ትሂድ። ጠበሉንም ይዛ መሄድ ትችላለች።

በአሜሪካ የምትኖሩ እኅቶች ሕጉ የሰጣችሁን እወቁ። እ.ኤ.አ. በ2023 በሥራ ላይ የዋለው ሕግ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሉት አሠሪ ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ መቀመጫን፣ ውኃ መጠጫና መጸዳጃ ጊዜን፣ ከባድ ዕቃ ከማንሣት ማረፍን የመሰለ ማመቻቸት እንዲያደርግ ያዛል፤ አሠሪው ከአቅም በላይ መሆኑን ካላስረዳ በቀር። ቋንቋ ለሚቸግራትም ከመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ያለ ክፍያ አስተርጓሚ ማቅረብ አለበት።

እናንተ ባሎች ሆይ፤ በአገር ቤት ይህ የሴቶች ጉዳይ ነው ተብሎ ወንዱ ከደጅ ይቀመጥ ነበር፤ ውስጡ በእናቶች የተሞላ ነበርና። እዚህ ግን ውስጡ ባዶ ነው። ጻድቁ ዮሴፍ እመቤታችን ወራቷ በቀረበ ጊዜ ከናዝሬት እስከ ቤተ ልሔም አብሯት ተጓዘ፤ ማረፊያ ባልተገኘበት እንግዳ ከተማ ከእርሷ አልተለየም። ሐኪም ቤት አብራችሁ ሂዱ፤ ወጡን ሥሩ፤ ልብሱን እጠቡ። ይህ ክብራችሁን አይነካም።

አንድ የሚከብድ ነገር እንጨምር። በመካከላችን ባል ሳይኖራት የፀነሰች እኅትም አለች። ከሥራ አገር በኀፍረት የተመለሰች፣ የተካደችም ትኖራለች። ሆዷ መግፋት ሲጀምር ከቤተ ክርስቲያን ትቀራለች፤ ያራቃት ሹክሹክታችን ነው። ጻድቁ ዮሴፍ ምሥጢሩ ገና ሳይገለጥለት እንኳ እመቤታችንን በሰው ፊት ሊያጋልጣት እንዳልወደደ ቅዱስ ማቴዎስ ጽፏል፤ ጻድቅ የተባለውም ስለዚህ ነው። ንስሐ የካህንና የነፍሷ ጉዳይ ነው፤ የእኛ ድርሻ ደጇን ማንኳኳት ነው። ሕፃኑም እንደ ማናቸውም ልጅ የጥምቀት ልጅ ይሆን ዘንድ ተጠርቷል።

ስለዚህ የሰበካችን እናቶች በየወሩ በጽዋ ማኅበር ሲሰበሰቡ አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፤ «ወራቷ የደረሰ ማን አለች? ማን ይከተላታል?» አንዷ በምጥ ጊዜ አብራት ትሁን፤ አንዷ አጥሚቱን ታፍላ፤ አንዷ ከሥራ ስትመለስ ለአንድ ሰዓት ሕፃኑን ተቀብላ ታስተኛት። ይህም በወለደች ማግሥት አያብቃ። ቤተ ክርስቲያን ወንዱን በ40 ቀን፣ ሴቷን በ80 ቀን ለጥምቀት ስትቀበል ከልደት በኋላም መቍጠሯን አልተወችም፤ እኛም እስከዚያች ቀን እንቍጠርላት።

ወራትሽ የገባ እኅታችን ሆይ፤ እናትሽ ሩቅ ብትሆንም ብቻሽን አይደለሽም። ማርያም በሽልም ታውጣሽ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ለማለት ከደጅሽ የምንቆምበትን ቀን እግዚአብሔር ያቅርብልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።