ከምስጋና በኋላ የሚመጣ ሥራ

የሰው ጉብዝና የሚመዘነው በመጀመሪያው ሥራው ብቻ አይደለም፤ ይልቁንም ከተመሰገነ በኋላ በሚሠራው በሁለተኛው ነው። ያልታወቀ ሰው የሚያጣው ስም ስለሌለው በድፍረት ይሠራል። ስም ካገኘ በኋላ ግን እጁን የሚይዝ ነገር ይመጣበታል፤ ይኽንንም አንዳንዱ ጥንቃቄ ሲለው ሌላው ፍርሃት ይለዋል። እንግዲህ የተመሰገነ ሰው የተመሰገነበትን መልሶ ቢሠራ ብልህ ነው ወይስ ፈሪ?

ሃርድ ሮክ በሚባለው ኃይለኛ የሙዚቃ ስልት የታወቀው ዲፕ ፐርፕል የተባለ የእንግሊዝ የሙዚቃ ቡድን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1972 «ማሺን ሄድ» የተባለውን አልበም አውጥቶ ታላቅ ዝና አተረፈ። በዚያው ዓመት ከአገር አገር እየዞረ ሲጫወት፣ በቂ ዕረፍት ሳያገኝ፣ ተከታዩን አልበም በሮማና በፍራንክፈርት አጠገብ ቀረጸ፤ ሥራውም በ1973 መጀመሪያ ወጣ። ገበያው አልጎደለም። ነገር ግን የታወቀውን መንገድ የተከተለና የፊተኛውን እሳት ያጣ ነው ተብሎ ተነቀፈ። በዚያው ዓመት አጋማሽ ዘፋኙ ኢያን ጊላንና የቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ሮጀር ግሎቨር ከቡድኑ ወጡ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ሰው አንዱን ሥራ የሚደግመው ሁልጊዜ በስንፍና አይደለም፤ ለማሰብ ፋታ ሲያጣም ይደግማል።

ከአገራችን ሰዎች ደግሞ ሙላቱ አስታጥቄን እንመልከት። በ1966 በኒውዮርክ «አፍሮ ላቲን ሶል» የተባለ አልበም አወጣ፤ በዚያው ዓመትም ሁለተኛውን አስከተለ። ሁለተኛው ከፊተኛው የተለየው በቁጥር እንጂ በስም አልነበረም፤ የላቲን አሜሪካን ምት ከኢትዮጵያ ቅኝት ጋር ማዋሐዱንም ቀጠለበት። በዚያ ረክቶ ቢቆም ኖሮ ድጋሚው ድጋሚ ብቻ ሆኖ በቀረ ነበር። እርሱ ግን በ1972 «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ» በተባለው አልበም ኢትዮ ጃዝን አጎልምሶ አቀረበ። ስለዚህ ሁለተኛው ሥራ ማረፊያ ሳይሆን መሸጋገሪያ ሆነለት።

እኛ በፍላቂትና በአካባቢዋ የምንኖር ሰዎች ደግሞ ለዚህ ነገር በላስታ ምድር የቆየ ምስክር አለን። ከቅዱስ ላሊበላ አስቀድሞ በነገሠው በቅዱስ ይምርሐነ ክርስቶስ ስም የሚጠራው ቤተ ክርስቲያን በዋሻ ውስጥ፣ እንጨትና ድንጋይ እየተነባበረ፣ በአክሱም ስልት የታነጸ ነው። በላሊበላ ያለው ቤተ አማኑኤል ግን ከአንድ አለት የተፈለፈለ ሆኖ ሳለ ግድግዳው ያንኑ የእንጨትና የድንጋይ ንብብር መስሎ ተቀርጿል። አለት እንጨት አያስፈልገውም፤ ጠራቢው የአባቶቹን መልክ የደገመው ወድዶ ነው። የደገመው ግን ተሳስቶ የጠረበው ተመልሶ በማይገጠምበት በአለት ላይ ነው። መልኩ የጥንት ሲሆን ድካሙና አደጋው አዲስ ነበረ። እንዲህ በአለት ከሠለጠነው ጥበብ ነው ሕንፃው ራሱ መስቀል የሆነው ቤተ ጊዮርጊስ የተገኘው።

እንግዲህ መድገም በራሱ ነውር አይደለም። የመቄት ገበሬ ያበቀለለትን ዘር መልሶ ቢዘራ ማንም ፈሪ አይለውም፤ የሚጠብቀው የልጆቹን እንጀራ ነውና። ነውር የሚሆነው ሰው ሥራውን ትቶ ስሙን ብቻ መጠበቅ ሲጀምር ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ ነገር ግን ከመቃብር በላይ የሚውለው በሥራ የተገኘው ስም እንጂ ሥራ እንዳይሠራ የተቆለፈበት ስም አይደለም።

ይኽም ነገር የሙዚቀኛና የጠራቢ ብቻ አይደለም። አንድ ጊዜ ስለተመሰገነ ያንኑ ማስታወሻ ዓመት እስከ ዓመት የሚያነብ መምህር፣ የአምናውን ዕቅድ ቀኑን ብቻ ለውጦ የሚያቀርብ ሹም፣ ሁለቱም ከነቀፌታ ይድኑ ይሆናል። ጉዳቱ ግን በእነርሱ ላይ አይቀርም፤ የዘንድሮውን ትምህርት የሚጠብቅ ተማሪና የዘንድሮውን ችግር ይዞ የመጣ ባለጉዳይ አሉ። ስለዚህ የተመሰገነ ሰው ሁለተኛውን ሥራ ሲጀምር፣ «የምጠብቀው ሥራውን ነው ወይስ ስሜን?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። መልሱ ስሜን የሚል ከሆነ፣ ገና ስም ባልነበረው ጊዜ የነበረውን ድፍረት ፈልጎ ያግኝ።