የአርባ ቀን ዕድል

ከአራዳ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቅዳሴ ወጥቶ ወደ ፒያሳ የሚወርድ ሰው፥ በሱቁም በቢሮውም ደጃፍ አንድ ቃል ሲደጋገም ይሰማል፤ ይኸውም «ምን ላድርግ፥ የአርባ ቀን ዕድሌ ነው» የሚል ነው። ሥራ የተበላሸበት ይለዋል፤ ሹመት የቀረበት ይለዋል፤ ባለጉዳይ ሲያመላልስ የሰነበተም ይለዋል።

ተናጋሪው የትኛውን አርባ ቀን እንደሚል ራሱም አይመረምርም። እኛ ካህናት በሕፃን ዕድሜ የምናውቀው አርባ ቀን ግን ወንድ ልጅ ተጠምቆ የጸጋ ልጅነት የሚቀበልበት ነው፤ ሴቲቱም በሰማንያ ቀኗ ትቀበላለች። ልጅነት የተሰጠበትን ቀን የባርነት ሰንሰለት ማድረግ እንደ ምን ያለ ስሕተት ነው!

ነገሩን የሥነ ልቡና መምህራንም መርምረውታል። ጁልያን ሮተር የተባለው አሜሪካዊ በ1966 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፥ አንዱ ሰው የሚደርስበትን ከገዛ ሥራው፥ ሌላው ከዕድልና ከባለሥልጣን እጅ እንደሚጠብቅ አሳየ። ከእርሱ በኋላ ሠራተኞችን የመረመሩትም፥ በገዛ ሥራው የሚታመነው አብዛኛውን ጊዜ በሥራው ይበልጥ ደስ እንደሚለውና እንደሚተጋ አግኝተዋል።

እኛ ግን ይህን በዐቢይ ጾም ስድስተኛ ሰንበት፥ በገብር ኄር፥ ከምናነበው ወንጌል እናውቀዋለን። አንድ መክሊት የተቀበለው አገልጋይ ጌታው በተቈጣጠረው ጊዜ አስቀድሞ የተናገረው ስለ ገዛ እጁ ሳይሆን ስለ ጌታው ጠባይ ነበር። ዮሴፍ ግን መሸጡንም መታሰሩንም ሊለውጥ ባይችል፥ የተሰጠውን ቤት፥ ኋላም ወህኒውን በታማኝነት አስተዳደረ።

በእርግጥ በሰው እጅ ያልሆነ ነገር አለ፤ ይህን የሚክድ ሰባኪ ድኻውን ይበድላል። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ፥ በዚያ ተቀጥሮ ይሠራ የነበረ ሰው መፍረሱን ማስቀረት አይችልም ነበር፤ ቢያዝንም አይፈረድበትም። ነገር ግን የወርቅ ሠሪ ተቀጣሪ የደንበኛውን ቀለበት በተረከበበት ሚዛን ልክ መመለሱ፥ ቤቱ ቢፈርስም ባይፈርስም በእርሱ እጅ ነው።

ሌላውን ከመውቀሴ በፊት የራሴን ልናገር። በወጣትነቴ በአንድ ደብር ጸሐፊ ነበርሁ። አንድ አባት ልጁን ትምህርት ቤት ለማስገባት የክርስትና ምስክር ወረቀት ፈልጎ ሦስት ጊዜ ቢመላለስ፥ ሦስቱንም ጊዜ «መዝገቡ ከአለቃ ዘንድ ነው፤ እኔ ምን አደርጋለሁ» ብዬ ሰደድሁት። የአለቃው ቤት ከቅጽሩ አጠገብ ነበረ፤ ሄጄ ግን አልጠየቅኋቸውም። ሰውዬው ለአራተኛ ጊዜ አልመጣም። ልጁ ትምህርት ቤት ገብቶ እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

በሰው ላይ የተሾማችሁም ስሙ፤ ሠራተኛው ወረቀት ለማንሣት እንኳ ፈቃድ የሚጠብቅ ከሆነ፥ «ምን ላድርግ» ማለትን ያስተማራችሁት እናንተ ናችሁ።

ካህናት ወንድሞቼ፥ የንስሐ ልጃችን ዕድሉን እያማረረ ሲመጣ፥ ከማጽናናታችን ጋር እንዲህ ብለን እንጠይቀው፤ «ከነገው ሥራህ ማንንም ሳታስፈቅድ ልታደርገው የምትችለው የቱን ነው?»