ያጣም ይጾማል፤ ያለውም ያካፍላል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን! ዐቢይ ጾም ሲገባ በየመንደሩ «ድሃ ደግሞ ምን ጾም አለው? እሱ እንደሆነ ዓመቱን ሙሉ ጾመኛ ነው» ሲባል እንሰማለን። ቀልድ ይመስላል እንጂ ልብ ያደማል። ነገር ግን አጥቶ መራብና ወዶ መጾም አንድ አይደሉም። ጾም ሰው በፈቃዱ ለአምላኩ የሚያቀርበው መሥዋዕት ነው። ጌታችን በቤተ መቅደስ ሁለት ሳንቲም የጣለችውን መበለት ያመሰገናት ከጉድለቷ ስለ ሰጠች ነው። ያለው ሥጋና ቅቤውን ሲተው፣ የሌለው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ታግሦ ያቺኑ ሽሮውን አመስግኖ ሲቀምስ፣ ሁለቱም በእግዚአብሔር ፊት ጾመኞች ናቸው።

ሽሮና ምስሩንም አንናቀው። ዳንኤልና ሦስቱ ጓደኞቹ በባቢሎን የንጉሡን ማዕድ ትተው 10 ቀን ጥራጥሬ በሉ፣ ውኃም ጠጡ፤ ፊታቸውም ከሌሎቹ ይልቅ አምሮ ተገኘ። ዛሬም አተር፣ ባቄላ፣ ሽምብራና ምስር ከእንጀራ ጋር ሲበላ ሰውነትን ይገነባል። ስለዚህ ብር ያጠረን እንደሆነ ዘይቱን ቀንሰን ሽሮውን እናወፍር። ጎመኑ ብዙ ሳይንተከተክ ይውጣ። ሎሚ ከተገኘ ጠብ ይደረግበት፤ ሰውነታችን በጥራጥሬና በጎመን ውስጥ ያለውን ብረት እንዲወስድ ያግዛል። ቡናና ሻይ ግን ይህን ስለሚያውኩ ከምግቡ ራቅ ይበሉ። ለለስላሳ የምናወጣት ብርም ለልጆቹ ካሮት ትሁን።

እናቶቻችን ሆይ! ለልጅ አጉርሳችሁ፣ ለአባወራው አቅርባችሁ፣ እናንተ ድስት ጠርጋችሁ የምታድሩ ብዙ ናችሁ። ፍቅራችሁን እግዚአብሔር ያያል። ነገር ግን ራሳችሁን እያዞራችሁ ዝም አትበሉ። ቤተ ክርስቲያን ርኅርኅት እናት ናት። የታመመም ሆነ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ለንስሐ አባቷ ትንገር። ከ7 ዓመት በታች ያለ ሕፃንም እንዲጾም አይገደድም።

ያላችሁ ወገኖች ደግሞ፣ ስለ ጾሙ የተዋችሁት የሥጋና የቅቤ ዋጋ የት ገባ? ኪሳችን ውስጥ ከቀረ ወይም ከፍስኩ በበለጠ ድግስ ካለቀ፣ ምኑን ጾምነው? ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 እግዚአብሔር የሚወደው ጾም እንጀራን ለተራበ መቁረስ እንደሆነ ያስተምረናል። እንግዲያው አንድ ኪሎ ምስር፣ አንድ ጠርሙስ ዘይት ይዘን፣ ሰው ሳያይ የጎረቤታችንን በር እናንኳኳ። እሱ ጾሙን በጤና ይፈጽማል፤ የእኛም ጾም ጾም ይሆናል።

አምላከ ዳንኤል የሁላችንን ማዕድ ይባርክልን፤ ጾሙንም የበረከት ጾም ያድርግልን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር