የናቡቴ ወይንና የምክር ቤቱ ወንበር

የናቡቴን ታሪክ በመጽሐፈ ነገሥት ያነበበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያስታውሰው መጨረሻውን ነው፤ የሐሰት ምስክሮቹን፣ የኤልዛቤልን ደብዳቤ፣ ድንጋዩን፣ ደሙን የላሱትን ውሾች። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ መጀመሪያው ነው። ንጉሡ አክዓብ በመጀመሪያው ቀን ዘራፊ ሆኖ አልመጣም። ከቤተ መንግሥቱ አጠገብ ያለውን ቦታ ለአትክልት ፈለገው፤ በምትኩም ከዚያ የተሻለ የወይን ቦታ ወይም ናቡቴ ከመረጠ ዋጋውን በገንዘብ ሊሰጥ ቃል ገባ። በዛሬ የካሳ ሕግ ቢመዘን ነቀፋ የማይገኝበት ጥያቄ ነበር። ናቡቴ ግን ከአባቶቹ የወረሰውን እንደማይሰጥ ተናገረ። ዋጋው ተገቢ ከነበረ የናቡቴ እምቢታ በምን ይጸድቃል? ወይስ የተሻለ ነገር ቀርቦለት ያልተቀበለ ግትር ሰው ነበር? ይህ ጥያቄ ለሰንበት ስብከት ብቻ የሚሆን አይመስለኝም። ባለ 138 መቀመጫው የአዲስ አበባ ከተማ ምክር ቤት አንድን ሰፈር የሚያፈርስ ፕላን በቀረበለት ቁጥር፣ እያንዳንዱ ተመራጭ ቢያውቀውም ባያውቀውም የሚመልሰው ይህንኑ ጥያቄ ነው።

ሰፈር የሚለው ቃል ከመስፈር የመጣ ነው። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር መኳንንቱ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ በየጉብታው ከነጭፍሮቻቸው ሰፈሩ፤ ራስ መኮንን ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር የሚባሉት ስሞች የዚያ ዘመን ቅሪት ናቸው። የጌታው ግቢና የሎሌው ጎጆ አጥር ለአጥር ነበሩ። ከዚያ አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ የወር ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። ኪራዩ ለአሥርተ ዓመታት እንዳነሰ ስለቆየ ሰውም ቆየ፤ በአንድ የቀበሌ ቤት ሦስት ትውልድ አለፈ። ጣሪያው አፈሰሰ፣ ጭቃው ተቦረቦረ፣ መጸዳጃው የብዙ አባወራ የጋራ ሆነ። ይህ ድህነት ነው፤ ማንም ሊያሞካሸው አይገባም። በዚያው አጥር ውስጥ ግን ሌላ ነገር አድጓል። ዕድሩ ድንኳኑን፣ አግዳሚ ወንበሩንና ድስቱን ይዞ ለቀብር ይደርሳል። ጉሊት የምትውል እናት ሕፃኗን ለጎረቤት ትታ ትወጣለች። የሱቁ ባለቤት ያለ ዋስ በዱቤ ይሰጣል፤ ተበዳሪውን ከነእናቱ ያውቀዋላ። የታመመ ሰው በሩ እስከ ረፋድ ካልተከፈተ የሚያንኳኳ አለ።

ይህን ሁሉ በአንድ ቃል ጉርብትና እንለዋለን። ከሀብት ሁሉ የሚለየው ባለቤት የሌለው በመሆኑ ነው። ቤት የባለቤቱ ነው፣ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ ሱቅ የነጋዴው ነው። ጉርብትናን ግን አንድ ሰው ብቻውን ሊይዘው፣ ሊሸጠው ወይም ይዞት ሊሄድ አይችልም። በካርታ ላይ አይታይም፤ በግብር ደብተርም አይመዘገብም። የሚሠራው ደግሞ ጊዜ ነው፤ ሃያ ዓመት የፈጀውን እምነት በሁለት ዓመት የሚያስረክብ ተቋራጭ የለም።

ስለዚህም ከላይ የተመለከተው ሰው ሁሉ ሳያየው አልፏል። አርክቴክቱ ለ ኮርቡዚዬ በ1936 እ.ኤ.አ. ለአዲስ አበባ የሣለው ንድፍ ነባሩን ከተማ እንዳልነበረ ቆጥሮ በሰፋፊ ቀጥ ያሉ ጎዳናዎች የሚተካ ነበር፤ ያቀረበውም ለወራሪው ለሙሶሊኒ ነው። ከነጻነት በኋላ እንግሊዛዊው ፓትሪክ አበርክሮምቢ በ1956 እ.ኤ.አ. ማስተር ፕላን ሠራ፤ ፈረንሳዊው ደ ማሪየን፣ ሃንጋሪያዊው ፖሎኒ ተከተሉ። ሁሉም የተማሩ ሰዎች ነበሩ፤ አበርክሮምቢማ ከተማን በመንደር ክፍል ከፍሎ የማደራጀት ሐሳብ ነበረው። ነገር ግን መንደርን በወረቀት ላይ መክፈልና በመሬት ላይ ያለውን መንደር ማወቅ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። በእኛ ዘመንም ልደታ፣ ባሻ ወልዴ ችሎት፣ በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲፈርሱ ሰዉ ወደ ከተማዋ ዳርቻ፣ ብዙዎቹም ወደ ተለያዩ ሳይቶች ተበተኑ። ግድግዳው ሲነሳ ዕድሩም አብሮ ተነሣ።

ያም ሆኖ አስተዳደሩ ጉዳዩን ፈጽሞ አልተረዳውም ማለት ሐቅን መካድ ይሆናል። የኮንዶሚኒየም ሳይቶች ሲነደፉ ለእርድ፣ ለድግስና ለልብስ አጠባ የሚሆኑ የጋራ መገልገያ ቤቶች ተካተዋል፤ አራተኛ ፎቅ ላይ በግ እንደማይታረድ የገባው ሰው በንድፍ ክፍሉ ውስጥ ነበር ማለት ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ደግሞ ከንብረት ካሳ በተጨማሪ ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥ ካሳ እንዲከፈል ደነገገ። ይህን ድንጋጌ ከልብ አከብረዋለሁ። ዓይን የማያየው ጉዳት ጉዳት መሆኑን ሕግ በስሙ ጠርቶ መሰከረ። የናቡቴን ነገር የማይፈታው ግን እዚሁ ላይ ነው፤ ካሳው ለእያንዳንዱ በየግሉ ይቆጠራል፣ የጠፋው ነገር ግን በነፍስ ወከፍ የሚከፋፈል አልነበረም። የዕድር ድንኳን በአባላቱ ቁጥር ተቀዶ ቢታደል ለማንም ጥላ አይሆንም። እያንዳንዱ ሰው የተሰጠው ገንዘብ በቂ ቢሆን እንኳ፣ ያ ገንዘብ በየካ አባዶና በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየሞች ተበትኖ የሚገኝን ሰፈር መልሶ አይሰበስብም።

እንግዲህ ባለቤት ለሌለው ነገር ማን ይናገርለት? መሐንዲሱ ስለ መንገዱ ስፋት፣ ገንዘብ ያዡ ስለ በጀቱ፣ የሕግ ባለሙያው ስለ ይዞታ ማስረጃው ይናገራል፤ ይህም ሥራቸው ነው። ከእነዚህ ሁሉ መካከል ወደ አዳራሹ የገባው በሰው ድምፅ እንጂ በሙያ ያልሆነው ተመራጩ ብቻ ነው። ስለዚህ ጉርብትና በፕላን ውስጥ ጠበቃ ካለው ጠበቃው እሱ ነው፤ እሱ ዝም ካለ የሚተካው የለም። ተመራጭ የመራጩ አፍ ይሁን ወይስ የራሱ ኅሊና የሚለው ክርክር የቆየ ነው። ኤድመንድ በርክ በ1774 እ.ኤ.አ. ለብሪስቶል መራጮቹ የምሰጣችሁ ታዛዥነቴን ሳይሆን ፍርዴን ነው የሚል ንግግር አድርጎ ነበር። የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 54 የተወካዮች ምክር ቤት አባላትን ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው ተገዥ ያደርጋቸዋል። ሁለቱን የሚያጋጭ አድርጌ አላየውም። ፍርድ የሚሰጥ ሰው በመጀመሪያ ባለጉዳዩን የሰማ መሆን አለበት፤ ኅሊናም ሳይሰማ አይፈርድም።

ስለዚህ ሥራ የፈረሰውን የኢየሩሳሌም ቅጥር ካሠራው ከነህምያ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ኢየሩሳሌም ሲደርስ ለማንም ሳይናገር በሌሊት ቅጥሩን ዞሮ አየ፤ እንስሳው የሚያልፍበት እስኪያጣ ድረስ በፍርስራሹ መካከል ሄደ። ፕላኑን ይፋ ያደረገው ከዚያ በኋላ ነው። በመጽሐፉ ምዕራፍ ሦስት ደግሞ ብዙ አንባቢ የሚዘለው ረጅም የስም ዝርዝር አለ፤ እገሌ ይህን አደሰ፣ ከእሱ ቀጥሎ እገሌ ያን አደሰ እያለ ይሄዳል፤ ደጋግሞም በየቤቱ ፊት ለፊት ይላል። ሽቶ ቀማሚውና ወርቅ አንጣሪው እንኳ በግንባታው ገብተዋል። የከተማው ሥራ የተከፋፈለው በጉርብትና ነበር። ሥራው እየተጋመሰ ሳለ ድሆቹ እርሻችን፣ ወይናችን፣ ቤታችን በዕዳ ተወሰደ ብለው ጮኹ፤ ነህምያም ቅጥሩ ይቀድማል አላላቸውም። ባለጠጎቹን በጉባኤ አቁሞ የወሰዱትን እንዲመልሱ አደረገ። ጠላት በዙሪያው ነበር፤ ከእሱ የበለጠ ለመቸኮል ምክንያት የነበረው ገዥ የለም።

ለዚህ ሁሉ ከባዱ መልስ ይህ ነው፤ ስለ ጉርብትና የሚያወራ ሰው በጋራ መጸዳጃ የማይሰለፍ ሰው ነው ይባላል። እውነት አለው። የእሳት አደጋ መኪና በማይገባበት ጉራንጉር፣ ወንዝ ዳር በክረምት ጎርፍ በሚወስደው ቤት መኖር መብት ሳይሆን ፍርጃ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ የቆሻሻ ክምር ሲናድ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ እነዚያም ጎረቤታሞች ነበሩ፤ ጉርብትናው አላዳናቸውም። በጊዜው እንዲነሡ የሚያደርግ ተመራጭ ቢኖራቸው ኖሮ ሰፈራችሁን አፈረሰ የሚለው ማን ነበር? ስለዚህ ይፍረስ ወይስ ይቅር የሚለውን ክርክር እኔ አልያዝኩም። የምሟገተው ስለ አነሣሡ ነው። መጸዳጃ አጥቶ የኖረ ሰው መጸዳጃ ለማግኘት ጎረቤቱን መክፈል የለበትም፤ ሁለቱን የሚያጣላ የተፈጥሮ ሕግ የለም። የኮንዶሚኒየም ዕጣ ለግለሰብ ከሚወጣ፣ አብረው ለሚነሡ ሃያና ሠላሳ አባወራዎች በአንድ ብሎክ ቢወጣ ምን ይጎድላል? በነህምያም ዘመን ከተማይቱን ለመሙላት ዕጣ ተጥሏል፤ ከአሥር አንዱ ገባ፣ ዘጠኙ በየከተሞቻቸው ቀሩ። ዕጣ ሰውን ከሰው አያበላልጥም፤ ማን ከማን ጋር እንደኖረ ግን አያውቅም። ያን ማሳወቅ የሰው ድርሻ ነው።

ሌላው ተቃውሞ የሕግ ነው። ናቡቴ ባለርስት ነበር፤ የቀበሌ ቤት ነዋሪ ግን ተከራይ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 1161 ቅድሚያ የማልማት መብት የሰጠው ለባለይዞታ ነው፤ ያልያዘውን እንዴት ተነጠቅሁ ይላል? ነገሩ ስለ ንብረት ቢሆን ኖሮ ይህ ክርክሩን በዘጋው ነበር። እኔ ግን ናቡቴ ያስቀደመው ንብረትን አይመስለኝም። ንብረት ቢሆን የቀረበለት የተሻለ ነበርና በተቀበለ። የቆመለት ከሞቱትና ከሚወለዱት ጋር ያገናኘው ቦታ ነው፤ ይህ ዓይነቱ ግንኙነት ደግሞ የባለቤትነት ደብተር አይጠይቅም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 43 ማኅበረሰቡን በሚነካ ፖሊሲና ፕሮጀክት ላይ ሐሳቡ የመጠየቅን መብት የሰጠው ለዜጋ ነው፤ ቤት ላለው ዜጋ ብሎ አልለየም።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን ሰፈሩ ራሱ በዳይ ሊሆን መቻሉ ነው። ሰፈር የሚሰበስበውን ያህል ይገፋል። የጎዳና ልጆች መጠለያ በአካባቢያችን አይሠራ የሚል ነዋሪ አለ። የቆሻሻ ማስተላለፊያ ጣቢያ ከእኛ ራቅ ወዳለው ይሂድ ይባላል፤ ራቅ ያለው ደግሞ ሁልጊዜ የባሰበት ድሃ ነው። በቀበሌ ቤት ውስጥ በደባልነት የሚኖረው፣ በሠራተኝነት የመጣችው ልጅ፣ የዕድር መዋጮ የማይደርስበት የቀን ሠራተኛ በሰፈሩ ስም በሚደረግ ስብሰባ ላይ ስማቸው አይነሣም። የሰፈሩን ድምፅ ብቻ ተሸክሞ ወደ ምክር ቤት የሚገባ ተመራጭ እነዚህን አንድ ጊዜ በሰፈሩ፣ አንድ ጊዜ በከተማው፣ ሁለቴ ይክዳቸዋል። ስለዚህ ተመራጩን ከሰፈሩ ጋር የሚያቆራኘው ገመድ መልእክተኝነት አይደለም። ሽማግሌ በእርቅ ላይ ሲቀመጥ የሁለቱን ወገን ቃል ይሰማል፣ ያልመጣውን ያስጠራል፣ ከዚያ ይመክራል፤ ከመጣበት ወገን ጋር ተጣልቶ የሚወጣበት ጊዜም አለ። ከተመራጩ የሚፈለገው ይኸው ነው። ሰፈሩ መጠለያውን ሲቃወም በሰፈሩ ፊት ቆሞ ተሳስታችኋል ማለት፣ አስተዳደሩ ሰፈሩን ሳይጠይቅ ሲያነሣ ደግሞ በአዳራሹ ቆሞ ያንኑ ቃል መድገም። ሁለተኛውን የማያደርግ ሰው የመጀመሪያውን ለማድረግ ሥልጣን ከየት ያገኛል?

የቀረው የጊዜ ነገር ነው። መጠየቅ ያዘገያል፤ አንድ ቤት እምቢ ሲል የመቶ ሺህ ሰው መንገድ ይቆማል ይባላል። እዚህ ላይ በጥያቄና በማሳወቅ መካከል ያለው ልዩነት ሁሉ ነገር ነው። ፕላኑ ከጸደቀ፣ ቀዩ ምልክት በአጥሩ ላይ ከተቀባ በኋላ የሚጠራ ስብሰባ፣ ሻይና ውኃ ቢቀርብበትም፣ ማሳወቅ ነው። ጥያቄ የሚባለው አይሆንም የሚለው መልስ ገና አንድ ነገር ሊለውጥ በሚችልበት ሰዓት የተነሣው ነው፤ ቢያንስ የሚነሡበትን ጊዜ፣ የሚሄዱበትን ቦታ፣ አብረዋቸው የሚሄዱትን ሰዎች። በእስልምና ትውፊት የሚተረክ አንድ ታሪክ አለ። ኸሊፋው ዑመር የመዲናን መስጊድ ለማስፋት የነቢዩ አጎት የአባስ ቤት አስፈለገው። ዋጋም፣ ምትክ ቦታም አቀረበ፤ አባስ እምቢ አለ። ምእመኑ እየበዛ ነበር፣ መስጊዱም ጠቦ ነበር፤ ከዚህ የበለጠ የሕዝብ ጥቅም ማን ሊያመጣ ይችላል? ሁለቱ ወደ ኡበይ ኢብን ከዕብ ለዳኝነት ሄዱ። ኡበይም በኸሊፋው ላይ ፈረደ፤ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ቤቱን መውሰድ አይቻልም አለ። ዑመር ፍርዱን ተቀበለ። አባስ ቤቱ የእሱ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ፣ ለሙስሊሞች መስፊያ ይሁን ብሎ ያለ ዋጋ ሰጠው።