ስለ ጆሮ ትጋት

ከጎባ ተነሥቶ ወደ ደሎ መና የሚወርደው መንገድ የሳነቴን አምባ አቋርጦ ያልፋል፤ ከፍታው 4,000 ሜትር ያህል ነውና ብርዱ ጽኑ ነው። በዚያ የሚያልፍ ሰው ቀይ ቀበሮ ጆሮውን አቅንቶ ከጉድጓድ አፍ ጸጥ ብሎ ቆሞ ያይ ይሆናል። የሚጠብቀው በባሌ ተራሮች ብቻ የሚገኘውን ትልቁን ፍልፈል ነው። ለመንገደኛው ዝምታ የሆነው ለአዳኙ ወሬ ነው።

እንግዲህ መስማት መቀበል ነውን ወይስ መሥራት? ብዙ ሰው ጆሮን እንደ ተከፈተ ደጅ ይቈጥረዋል፤ ድምፅ ካልገባበትም ጥፋቱ የተናጋሪው ነው ይላል። የተፈጥሮ ምርምር ግን ይህን አሳብ አፍርሶታል።

የቀበሮውም፣ የፍልፈሉም፣ የሰውም የውስጥ ጆሮ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለ ነው፤ በውስጡም ፖታሲየም የበዛበት ፈሳሽ አለ። ጨው በውኃ ሲሟሟ የኤሌክትሪክ ኃይል የተሸከሙ ረቂቅ ቅንጣቶች ይሆናል፤ ሊቃውንት አዮን ይሏቸዋል። ሰውነት እነዚህን ቅንጣቶች ሌት ተቀን እያመላለሰ በፈሳሹ 80 ሚሊ ቮልት ያህል ኃይል ያኖራል። ድምፅ ሲመጣ በሕዋሶቹ ራስ ላይ ያለው ጠጕር ያዘነብላል፤ ፖታሲየሙም ወደ ሕዋሱ ይገባል። ያን ጊዜ ውጭኞቹ ሕዋሶች፣ በአንድ የሰው ጆሮ 12,000 ያህል የሆኑት፣ እያጠሩና እየረዘሙ የደከመውን ድምፅ ከ100 እጥፍ በላይ ያበረቱታል።

ጆሮ በራሱ ኃይል ድምፅን እንደሚያግዝ ቶማስ ጎልድ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1948 ቢናገር የተቀበለው ጥቂት ነበር። በ1978 ግን ዴቪድ ኬምፕ ጆሮ ራሱ ድምፅ እንደሚያወጣ አሳየ፤ ሕዋሱን የሚያንቀሳቅሰው ፕረስቲን የተባለው ፕሮቲንም በ2000 ታወቀ። ፕረስቲን ሥራውን የሚሠራው በክሎራይድ ነው፤ እርሱም የገበታችን ጨው አንዱ ወገን ነው። አስፕሪን አብዝቶ የወሰደ ሰው ጆሮው ለጊዜው የሚፈዘው፣ አንዱ ምክንያት መድኃኒቱ የክሎራይድን ስፍራ ስለሚሻማ ነው።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን ጆሮ ይህን እርዳታ ለማን እንደሚሰጥ ነው። ለደካማው ድምፅ ብዙ ይጨምርለታል፤ ለብርቱው ምንም አይጨምርለትም ለማለት ይቻላል። እኛ ግን በሸንጎ የምናደርገው ተቃራኒውን ነው። እኔ ራሴ በሽምግልና ተቀምጬ፣ አንዲት መበለት በዝግታ የተናገረችውን ሳልሰማ ጮኾ ለተናገረው ፈርጃለሁ። የእርስዋ ድምፅ አንሶ አይደለም፤ የእኔ ጆሮ ሰንፎ ነው።

አንድ ሰው፦ ሕዋስ ያለ ፈቃዱ ይሠራል፤ ስለዚህ ለምግባር ምሳሌ አይሆንም ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ ሕዋስ አይመሰገንም፣ አይወቀስምም። ነገር ግን ፈቃድ የሌለው ለደካማው ይህን ያህል ሲተጋ፣ ፈቃድ የተሰጠው ሰው ቢሰንፍ ወቀሳው አይብስምን?

እነዚህ ሕዋሶች በአጥቢ እንስሳ ዘንድ አንድ ጊዜ ከሞቱ አይተኩም፤ ታላቅ ጩኸትም ይገድላቸዋል። የሥጋ ጆሮ እንዲህ ነው፤ የኅሊና ጆሮ ግን በንስሓ ይታደሳል። ስለዚህ ከሮቤና ከጎባ ገበያ ጫጫታ ተመልሰን ለዳኝነት በተቀመጥን ጊዜ፣ አስቀድመን ዝግ ብሎ የሚናገረውን እንፈልግ፤ ጯኺውንስ ሳንደክም እንሰማዋለን።